ፃግብጂ ላይ ያልተተረጎመው ስብከቴ

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ልጅ ሊሰብከን ተነሣ። ዕድሜው ሃያ ቢሆነው ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጁ ጨብጧል፣ ድምፁ ግን ይንቀጠቀጣል። «የተከበራችሁ ተሳፋሪዎች፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» አለ። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት የጆሮ ማዳመጫዋን ጠበቅ አደረገች። አንድ ጎልማሳ ጋዜጣውን ሳያጥፍ «ወንድም፣ እዚህ ሁላችንም ሃይማኖት አለን» አለው። ከኋላ «አውርዱት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጁ ቀጠለ። የትኛው ቤተ እምነት እንደላከው ለመለየት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ፤ ስለየውም የእኔ አልነበረም። ነገር ግን «ሦስት ደቂቃ» ሲል ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። ይህቺን ሦስት ደቂቃ አውቃታለሁ። እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ለአሥር ቀን ሠልጥኜባታለሁ።

የጎዳና ስብከት ነገር ሲነሣ የምንሰማው ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሳል፤ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽና የማስተማር ነፃነት ይሰጣል ይላል። ሌላው ወገን በዚያው አንቀጽ ውስጥ ማንንም በማስገደድ እምነቱን የማሳጣት ክልከላ እንዳለ ያነሣል፤ በሩ የተቆለፈ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ተሳፋሪ ወዴት ይሂድ ብሎም ይጠይቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ሕጉ አይደለም። የማላውቀውን ሰው አቁሞ ስለ እግዚአብሔር መንገር ምን እንደሚመስል፣ አንድ ክረምት ሞክሬው ስላፈርኩበት ነው።

በ2007 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ፈተና እንዳለቀ ለአንድ የክረምት አገልግሎት ተመዘገብኩ፤ አሥር ቀን ሥልጠና፣ ከዚያ በየቡድኑ ተከፋፍሎ ወደ ገጠር ስምሪት። የላከንን ማኅበር በስም አልጠራውም። ለሆነው ነገር ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ስብከቱን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ከሐምሌ 6 እስከ 16 አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰሌን ላይ እየተኛን፣ ጠዋት ሻይና ዳቦ እየበላን ተማርን። ዶግማ ተማርን፣ ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተማርን፤ አብዛኛው ሰዓት ግን «ቀረቤታ» በሚባል ትምህርት ያልፍ ነበር። የማታውቀውን ሰው እንዴት ትቀርበዋለህ? ሰላምታ፣ ጥያቄ፣ ቃል፣ ጥሪ። በሦስት ደቂቃ።

እየተተወነ ነበር የምንለማመደው። አንዱ ሰካራም ይሆናል፣ አንዱ የሚያፌዝ ምሁር ይሆናል፣ አንዱ «ጊዜ የለኝም» የሚል ነጋዴ። የገጠር አሮጊት የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ የደሴ ልጅ ነበር። ነጠላ ተከናንቦ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ «እሺ ልጄ፣ ገባኝ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሬ ልጄ» ይለናል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደዚያች አሮጊት ቶሎ የሚመለስ አልነበረም። ሁላችንም እርሷ እንድትደርሰን እንመኝ ነበር፤ በሁለት ደቂቃ ታልቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የዶርም ጓደኛዬ ፕሮቴስታንት ነበር። በዚያው ክረምት እርሱም በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወደ ደቡብ ወርዷል። መስከረም ላይ ስንገናኝ ማስታወሻ ደብተሮቻችንን አስተያየን። የእርሱ «ሰላምታ፣ ጥያቄ፣ ምስክርነት፣ ጸሎት» ይላል። የእኛ የንስሐ አባት ያስይዛል፣ የእነርሱ ወዲያው ያስጸልያል፤ ከዚያ በቀር ደብተሮቹን ብንቀያየር ማንም የሚያውቅብን አይመስለኝም። ማን ከማን እንደቀዳ አልተከራከርንም። ሳቅን፣ ከዚያ ምግብ ቤት ሰልፍ ያዝን።

ይህ ክረምትን ጠብቆ ወጣት የማሰማራት ነገር በእኛ አገር ረጅም ሥር አለው። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እስከሚያርፉ ድረስ። በ1983 ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ ሲያስገባ ተማሪዎቹ እዚያው ካምፕ ውስጥ ለጸሎት ይሰባሰቡ ነበር። ከእነዚህ ልጆችና ከዝዋይ ልጆች መገናኘት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። በፕሮቴስታንቱም በኩል ቢሆን በ1950ዎቹ መጨረሻ የሙሉ ወንጌልን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱት በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ሃይማኖት የሌለበትም አለ፤ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና አስተማሪ ገበሬውን «ሊያነቃ» ገጠር ወርዷል። አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ስለ ዘመቻው ሲያወራ ያስተማረውን ትምህርት አንሥቶ አያውቅም፤ የሚያነሣው ያረፈበትን ቤት፣ የጋገሩለትን እንጀራና የሞተበትን የቤቱን ጌታ ነው። ይህንን ልብ ያልኩት በጣም ቆይቶ ነው።

እኔ የደረሰኝ ዋግ ኽምራ ነበር። አምስት ሆነን ከጋሸና ወደ ላሊበላ ታጥፈን፣ በብልባላ አድርገን ሰቆጣ ገባን። ከሰቆጣ ደግሞ ፃግብጂ። በሐምሌ መጨረሻ ነው። እኔ ያደግኩት ሐምሌ ጭቃ በሆነበት አገር ነው፤ እዚህ ግን መኪናችን አቧራ እያስነሣ ነበር የሚሄደው። የተዘራው ማሽላ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኗል። ፍየሎቹ ገደል ላይ ተንጠልጥለው የደረቀ ቁጥቋጦ ይነጫሉ። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ «ዘንድሮ ክረምቱ መንገድ ስቷል» አለ። ያ ዓመት ኋላ ኤልኒኖ የሚባለው ነገር የመጣበት ዓመት ነው። በጥቅምት 2008 መንግሥት 8.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ያስፈልገዋል አለ፤ በታኅሣሥ ቁጥሩ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። እኛ ስንገባ ግን ገና ቁጥር አልወጣለትም። ሰማይና ፊት ብቻ ነበር የሚታየው።

እዚህ ላይ የዋግን ነገር ለማታውቁ ጥቂት ልበል። አገሩ የአገው ነው፤ ቋንቋው ኽምጥኛ ነው። ዋግሹሞች ለዘመናት የገዙት፣ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ የነገሠበት፣ ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ያለበት አገር ነው። ላሊበላን የፈለፈሉት የዛጉዌ ነገሥታት ወገናቸው አገው ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮናውያን ባወጡት ደንብ አገሪቱ ለሚሲዮን «ክፍት» እና የቤተ ክርስቲያን ተብላ ስትከፈል እንዲህ ያለው አገር የውጭ ሰባኪ የማይደርስበት ክልል ነበር። አስቡት እንግዲህ። ሕዝቡ ከእኔ አያት ቅድመ አያት በፊት ጀምሮ ይቀድሳል፣ ይጾማል። እኔ ደግሞ የአሥር ቀን ሥልጠናዬን ይዤ ወንጌል ላስተዋውቀው መጥቻለሁ። ያኔ ይህ አልታየኝም። የታየኝ «ያልተማረ ሕዝብ» ነበር።

ያረፍነው አንድ አረጋዊ ቄስ ቤት ነው። ቅዳሜ ሐምሌ 25 ገበያ ወጣን፤ አንድ ለአንድ ልንሰብክ። የመጀመሪያዬ ሰው ሦስት ፍየል የሚጎትት ገበሬ ነበር። ሰላምታዬን ሰጠሁ። ተቀበለኝ። ጥያቄዬን ጠየቅኩ፤ «አባቴ፣ ዛሬ ማታ ነፍስዎ ብትጠራ ዝግጁ ነዎት?» ትኩር ብሎ አየኝና «ፍየሏን ትገዛለህ?» አለኝ። አልገዛም አልኩ። «በግማሽ ዋጋ እሰጥሃለሁ» አለ። ተማሪ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም አልኩት። «እንግዲያስ ከመንገዱ ዞር በል፣ የሚገዛ ሰው እንዳይጋረድብኝ» አለኝና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ማየቱን ቀጠለ። በቁጣ አልነበረም የተናገረኝ፤ ሥራ ላይ ነበር። ከኛ ውስጥ የተሻለ የቀናው ጓደኛችን አንድ ሰው ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ሰምቶት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስንዴውን መቼ ነው የምታመጡት?» ብሎታል። እርዳታ መዝጋቢ መስለነው ነበር።

ስለዚህ ተስፋችንን በእሑድ ላይ ጣልን። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ የምሰብከው እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን በእጅ ባትሪ አዘጋጀሁት። ርእሴ ኤልያስ ነበር። ከዚህ የሚስማማ ከየት ይመጣል? ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ሰማይ ተዘጋ፤ ስለምን ተዘጋ? ሕዝቡ በሁለት አሳብ ስላነከሰ። ሰማዩን የዘጋብን ኃጢአታችን ነው፤ ንስሐ እንግባ፣ ሰማዩ ይከፈታል። ሥልጠናው ላይ «የሰሚውን ወቅታዊ ችግር መነሻ አድርጉ» ተብለን ነበር። መነሻ አደረግኩት።

ወንዶቹ ገበያና ከተማ ስለሚመላለሱ አማርኛ ይሰማሉ። ብዙዎቹ አሮጊቶች ግን ከሰላምታ የዘለለ አማርኛ የላቸውም። ስለዚህ ቄሱ አንድ ዲያቆን ሰጡኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ድጓ የሚማር ልጅ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ እርሱ ወደ ኽምጥኛ ይመልሳል። መጀመሪያ መልካም ሄደ። ወደ መካከል ስደርስ ድምፄ ከፍ አለ። «ይህ ድርቅ ከየት መጣ? ከእኛ ነው! ከኃጢአታችን ነው!» አልኩ። ዲያቆኑ ዝም አለ። መሬት መሬት ያያል። «ንገራቸው እንጂ» አልኩት ቀስ ብዬ። ጥቂት ቆይቶ ተናገረ። ከእኔው ያነሰ ነበር፣ አጭር። እኔ ቀጠልኩ፣ እርሱም እያሳጠረ ቀጠለ። ስጨርስ ጥሪዬን አቀረብኩ። ተነሥተው የሚመጡ ጠብቄ ነበር።

መጡም። አሮጊቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ መጡ። አንዷ ጭንቅላቴን ይዛ ሳመችኝ። አንዷ በኽምጥኛ የማይገባኝን ነገር እያለች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሌላዋ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ በእጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። የተሳካ ስብከት ማለት ይኼ ነው አልኩ። ጓደኞቼም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ማታ ሪፖርት ማድረጊያው ቅጽ ላይ «ቃሉን የሰሙ» በሚለው ሥር ቁጥር ጻፍኩ፣ «ለንስሐ የተነሣሡ» በሚለው ሥርም ሌላ ቁጥር ጻፍኩ። ቁጥሮቹን አሁን አስታውሳቸዋለሁ፤ መጻፍ ግን አልፈልግም።

በማግስቱ ከዲያቆኑ ጋር ውኃ ልንቀዳ ወረድን። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ቁልቁል ሄደን ሽቅብ ጀሪካን ተሸክመን የምንመለስበት። ስንወርድ ሁለታችንም ዝም ብለን ነበር። ምንጩ ጋር ወረፋ ይዘን ስንቀመጥ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ» አለኝ። «ትናንት ያልከውን አልተናገርኩም።»

«የቱን?»

«ከመካከል ጀምሮ ያለውን።»

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«‹እነዚህ ልጆች ከሩቅ አገር ነው የመጡት፣ ዝናቡ መቅረቱን ሰምተው አዝነዋል፣ ሊያስተዛዝኑን ነው የመጡት፣ ይጸልዩልናል› አልኳቸው።»

ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ያቅተኛል። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ እውነቱን ልናገር። ቃለ እግዚአብሔር ለወጥህ ልለው ነበር። አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «እናቴ እዚያ ተቀምጣለች። ሁለት ላም ነበራት፣ ሁለቱም ባለፈው ሳምንት ሞቱ። ከመጀመሪያዋ ልጇ ጀምሮ አንድም ፍልሰታ በልታ አታውቅም። ላሞችሽ የሞቱት በኃጢአትሽ ነው ብዬ ልንገራት? በገዛ አፌ?»

ወረፋችን ደረሰ። ቀዳን። ሽቅብ ስንወጣ እኔ አራት ጊዜ አረፍኩ፤ እርሱ እኔን ሊጠብቅ ብቻ አረፈ። ቆሎውን የሰጠችኝ እናቱ እንደሆነች የነገረኝ ሦስተኛው ዕረፍት ላይ ነው። ተርባ ሳለ የሰጠችኝ ላዘነላት ልጅ ነው። እኔ ግን አላዘንኩላትም ነበር፤ ከስሼአት ነበር።

ማታ ለአረጋዊው ቄስ ነገርኳቸው። ይቆጡት ይሆናል ብዬ ነበር፣ እኔን ወይም ልጁን። አልተቆጡም። ጥቂት ጸጉራቸውን አሻሹና «የኤልያስን ታሪክ ከየት ጀመርከው?» አሉኝ። ከአክዓብ አልኩ። «ወዴት ሄድክ?» ወደ ቀርሜሎስ ተራራ፣ ወደ በኣል ነቢያት። «በመካከሉ ያለውንስ?» ዝም አልኩ። «ነቢዩ በዚያ ድርቅ የት በላ?» መለሱ ራሳቸው፤ «የሰራፕታዋ መበለት ቤት። አንድ እፍኝ ዱቄት ነበራት፣ ልጇና እርሷ በልተው ሊሞቱበት። እርሱ ከዚያች እፍኝ በላ። ልጄ፣ አንተ መበለቷን ዘለልካት።»

ቄሱ ሥልጠና አልገቡም። ለማያውቁት ሰው በሦስት ደቂቃ መናገርም አይችሉም፤ ለሚያውቁት ሰውም ቢሆን በሦስት ደቂቃ የጨረሱትን ነገር አላየሁም። እስከ ዛሬ ግን ስለዚያ ምዕራፍ ከዚህ የበለጠ ትርጓሜ አልሰማሁም። አንድ እፍኝ ዱቄት፤ አንድ እፍኝ ቆሎ። እርሳቸው ስለ ቆሎው አልነገርኳቸውም ነበር፤ በአጋጣሚ ነው የተገናኘው፣ ወይም ልጁ ነግሯቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አልሰበክሁም። ለጓደኞቼ አሞኛል አልኩ፤ ግማሽ እውነት ነበር። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ምሕላ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ «እግዚኦ» እየተባለ ይሰገዳል። እኔም ከኋላ ቆሜ ሰገድኩ። እንደዚያ ያለ ጸሎት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጸለይኩም፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ብቻ ነበር የምንለምነው፣ ሁላችንም የምንለምነው ያንኑ ነገር ነበር። ወደ ውኃ መውረዱን የዕለት ሥራዬ አደረግኩት። ዲያቆኑ በመንገድ ላይ በኽምጥኛ ሰላምታ፣ የውኃን፣ የእንጀራን፣ የእናትን ስም አስተማረኝ። ስሳሳት ልጃገረዶቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው እስኪስቁ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በአጠራሬ ስትስቅ ቆይታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ማውራት ጀመረች። ከምትለው ከአሥር ቃል ሁለቱን ብሰማ ነው። ልጁ ሊተረጉም ሲመጣ በእጇ «ተው» አለችው። ተርጓሚ አልፈለገችም፤ የሚሰማት ሰው ነበር የፈለገችው።

ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስንማር የምንይዘው ጳጳስ ሆኖ መምጣቱን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ቶሎ እናልፈዋለን፤ ፍሬምናጦስ ልጅ ሆኖ ተማርኮ፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎ፣ የሰዉን ቋንቋና ጠባይ ለምዶ ነው ኋላ ያስተማረው። ዘጠኙ ቅዱሳንም በትውፊታችን መጀመሪያ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ ይባላል። እኔ አሥር ቀን ነበረኝ፤ ከአሥሩም ቀን አንድ ሰዓት ስለ ዋግ አልተማርኩም። የደሴው ልጅ ያቺን አሮጊት ሆኖ ሲተውን በአማርኛ ነበር «ገባኝ ልጄ» የሚለው።

አሠልጣኞቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ በራሳቸው ገንዘብ የሚደክሙ ሰዎች ነበሩ። ኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት ግን ስለዚያ ስብከት ይዘት ነው። «ድርቁ የመጣው በኃጢአታችሁ ነው» ማለት ለምን ያን ያህል ቀለለኝ? መልሱ አሳፋሪ ነው፤ ድርቁ የእኔ ስላልነበረ ነው። ሌላ ሰው ላይ የወረደ መከራ ሲሆን ትርጉሙ ቶሎ ይገኛል። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ይጠይቃል፤ አይደለም ብሎም ራሱ ይመልሳል። የንስሐውን ጥሪ የሚያዞረው ወደ ቆሙት ሰሚዎች ነው። እኔ ግንቡ የወደቀባቸው ሰዎች ላይ ቆሜ ነበር የሰበክሁት። የኢዮብን ወዳጆች ደግሞ አስቡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንዳች አልተናገሩትም። እስከዚያ ድረስ እንከን የላቸውም። የተበላሸው ሲናገሩ ነው።

ነሐሴ 16 ወደ ሰቆጣ ስንወጣ ሻደይ ገብቶ ነበር። ልጃገረዶቹ በከበሮ ይጨፍራሉ። ወገባቸው ላይ የሚያስሩት የሻደይ ሣር ግን በዚያ ዓመት አጭር ነበር፤ አንዳንዶቹ በጣም ቀጫጭን አድርገው ነው ያሰሩት። ቢሆንም ዘለሉ፣ ዘፈኑ። የመጀመሪያውን ትልቅ ዝናብ ያገኘሁት ባሕር ዳር ስደርስ ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ተበጠበጥኩ። ያቺ እናት ታየችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ገባ። ሰቆጣ ተያዘች፣ ተለቀቀች። ፃግብጂና አበርገሌ ደግሞ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በሕወሓት ኃይሎች ሥር ቆዩ፤ ሕዝቡ በአሥር ሺዎች እየሆነ ወደ ሰቆጣ ዙሪያ ፈለሰ፣ ወለህ በሚባል ቦታ በድንኳን ሰፈረ። በዚያ ሰሞን በስልካችን ላይ የነበረውን ስብከት አስታውሱ። ከየአዳራሹ፣ ከየስቱዲዮው ጦርነቱ የማን ኃጢአት እንደሆነ የማያውቅ ሰባኪ አልነበረም። አንዱ የጣዖት ነው ይላል፣ አንዱ የዘር ነው፣ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የምእመናኑ ቸልተኝነት። ከሁሉም ቤተ እምነት ነበሩ፤ የእኛም ብዙ ነበሩ። እየሰማሁ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይህንን ወደ ኽምጥኛ ማን እየመለሰው ይሆን?

በ2014 ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ያሰባሰብነውን ጥቂት ልብስና ምግብ ይዘን ወለህ ሄድኩ። ድንኳኖቹ መካከል እያለፍኩ የፃግብጂ ሰዎች ወዴት ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። ዲያቆኑን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፣ እርሱ ነው ያገኘኝ። ከኋላዬ በኽምጥኛ ሰላምታ ሰማሁ፣ ያስተማረኝን ሰላምታ፣ በእኔ የተበላሸ አጠራር። እያሾፈ ነበር። ዞርኩ። ጢሙ አድጓል፣ ጥምጥም አድርጓል። ቀሲስ ሆኗል፤ ሚስትና አንዲት ሕፃን ልጅ አለችው። አረጋዊው ቄስ ከጦርነቱ በፊት እንዳረፉ ነገረኝ። እናቱ ግን በመንገድ ላይ ነው ያለፈችው፤ ሲሸሹ፣ በእግር። የት እንደተቀበረች አሳየኝ፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራሮቹ በጣቱ ጠቁሞ። ከዚህ አይታይም።

እዚያ ካምፕ ውስጥ የሚሰብክ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ይመጣሉ» አለ፤ «አንዳንዱ ብስኩት ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ይዞ።» ከየትኛው ወገን አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። «እርስዎ ነዎት የሚተረጉሙላቸው?» አልኩት። ሳላስበው «እርስዎ» ብየዋለሁ። ሳቀ። «አይ፣ አሁን ሰዉ አማርኛ ለምዷል፣ ስደት አስተምሮታል። አሁን የሚሉትን ሁሉ ይሰማል» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

ድንኳኑ ውስጥ ገባን። ሚስቱ ቡና አፈላች፤ ስኳር አልነበረም፣ በጨው ጠጣነው። አማርኛ ትችላለች ግን ታፍራለች። ባሏን በኽምጥኛ ስለ እኔ የሆነ ነገር ጠየቀችው፤ ማን እንደሆንኩ መሰለኝ። መለሰላት፣ ረዘም አድርጎ። በመካከል የእናቱን ስም ሰማሁ፣ «ኤልያስ» የሚለውንም ሰማሁ። እርሷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ ተነሥታ ስኒዬን እንደገና ሞላችው።

«ምን አሏት?» አልኩት።

«አልተረጉምልህም» አለኝ።